ቀንድ አይደለም

የሰፈሩ ውሻ ገና ሳይናገር፣
ከቂርያት መላኪ እስከ ፋብሪካው በር፣
ብስክሌቴን ይዤ በብርቱካን እርሻ፣
ጆሮዬ ድረስ ነው የወጣው ትከሻ።
እጀታውን አንቄ፣ ክርኔን አድርቄ፣
የያዝኩት በሙሉ የሚያመልጠኝ ይመስል ጥርሴን አጣብቄ።

እንየው ከኋላዬ ደወሉን ደወለ፦
«ምነው የበሬ ቀንድ የያዝሽ መሰለ?
ላላ አርጊው፣ አይወጋም!» አለ።
«ክርንሽን እጠፊ፣ ጉድጓዱን ይዋጠው፤
ጥርስሽንም ፍቺ፣ ፔዳልን በመንጋጋ ማነው የረገጠው?»

ሳቅኩኝ፤ ሳቁ ራሱ አገጬን ፈታልኝ።
ጣቶቼን በየተራ ከእጀታው አነሳሁ፣
ክራር እንደሚነካ ሰው፤
ትከሻዬን እስከ ጆሮ ሰቅዬ
እንደ ድንች ጆንያ ቁልቁል ለቀቅኩት።
ትንፋሼ ያን ጊዜ ሆዴ ድረስ ወረደ።
ድልድዩ ጋ ያለው ጉድጓድ መጣ፣
ክርኔ ዋጠው፤ አንገቴ አልሰማም።

ለካ የከበደኝ ብስክሌቱ አልነበረም፦
የመብራት ሂሳብ፣ የልጄ የዘብ ሌሊት፣
በዕብራይስጥ የተጻፈ፣ ኪሴ ውስጥ ሦስት ቀን ያደረ ደብዳቤ፣
ሁሉንም አንገቴ ላይ ጭኜ ኖሯል የምነዳው።
እነሱም አሉ፤ የትም አልሄዱ።
ግን ኮርቻው ይሸከማቸው፣ ጎማው ይሸከማቸው፤
እኔ ልንዳ።

የብርቱካኑ አበባ ሸተተኝ፤
ስንት ዓመት በዚህ ሳልፍ፣ ዛሬ ገና።

እንዲህ ሆኜ ደረስኩ እስከ አደባባዩ።
እዚያ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋ፣
ትከሻዬም ዘሎ ጆሮዬ ስር ገባ።

እንየው ደወለ።