እስከ ጠመኔው ድረስ

ቤታችን ከላይ ነው፣ ከደመናው ጓሮ፣
ከመርከብ በተረፈ ቀለም ተለቅልቆ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ።
የቫልፓራይሶ ወደብ ከታች፣ ሥራዬም ከታች ነው፤
በመሃል ያለው
መቶ ስልሳ ሦስት ደረጃ ነው።

ሊፍቱ? ያ በገመድ ሽቅብ የሚጎተት የእንጨት ሣጥን?
“ለጥገና ተዘግቷል” ካለ ሁለት ክረምት አለፈን።
ማስታወቂያውን ዝናብ አጥቦት ፊደሉ ሄዷል፣
ቁልፉ ግን በሩ ላይ እንደ ታማኝ ውሻ ዛሬም ተኝቷል።

ተሽከርካሪ ወንበሯ ዳቦ ቤቱ ጥግ ያድራል በሰንሰለት፣
ዶን ቴልሞ ጠዋት ጠዋት ያራግፍለታል የሌሊት ዱቄት።
ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የእኔ ጀርባ ነው።

አምስት ዓመቷ ነው፣ አማንካይ ትባላለች፣
በተራራ ላይ በምትበቅል ቢጫ አበባ ተሰይማለች።
እግሮቿ በወገቤ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላሉ፣
እንደተሰጣ ካልሲ በነፋስ ይወዛወዛሉ።
እኔ እወጣለሁ፤ እሷ ትቆጥራለች።
ሰባ ሰባት ላይ፣ የሴኞራ ኤዱቪና ድመት።
ዘጠና ላይ፣ የተሸረፈው ጠርዝ፤ “እዚህ ቀስ በል” ትለኛለች።
መቶ ሃያ ላይ፣ እኔ ቁና ቁና ስተነፍስ፣
“አሁን ባሕሩ ሙሉውን ታየ” ትላለች።

ማታ እናቷ ሩፊና ትንሿን መብራት አብርታ፣
ተረከዟን አገላብጣ፣ ጣት ከጣት ለይታ፣
ትፈልጋለች።
ጠጠር ቢቆረቁራት፣ ጫማ ቢልጣት፣
የገንዳው ውሃ ቢያቃጥላት፣
ልጅቷ አታውቅም፤
ሕመም ከወገቧ በታች አድራሻ የለውም።
ስለዚህ ሩፊና ናት የምትታመመው፣ በልጇ ፈንታ
“እህ” የምትለው፣ ቁስል አግኝታ።

ሰፈሩ ያየናል። ከንፈር የሚመጥ አለ።
የወደብ ጓደኛዬ ደግሞ፣ “ሃያ ኪሎ ሊሞላት ነው፣
አሥር ዓመት ሲሆናትስ?” አለ።
ልክ ነው። እኔ የጭነት ሚዛን ላይ ነኝ፣
ክብደት በዓይን መገመት ሥራዬ ነው፤
የልጄን ግን አልገምትም፣ ፈርቼ መሰለኝ።

አንድ ሐሙስ፣ ከሐኪም ስንመለስ፣
አርባ ላይ፣ “አውርደኝ” አለች።
“ደከመሽ?” አልኳት። ጥያቄ ነው ይሄ?
የታዘለ ሰው በምን ይደክማል?
“አንተ ደክመሃል” ብላኝ ቢሆን ታሪኩ ያምር ነበር።
አላለችኝም። “አውርደኝ፣ በራሴ ነው” አለች፣
በቁጣ፣ እንደ መምህር ነገር።

ጀርባዋን ለደረጃው፣ ፊቷን ለባሕሩ ሰጠች።
መዳፎቿን ከኋላዋ ተከለች። ገፋች።
መቀመጫዋ ተነሳ፤ አርባ አንድ ላይ አረፈች።
ከዚያ እግሮቿን በሱሪያቸው ይዛ ሳበቻቸው፤
“ኑ እናንተ” አለቻቸው።

ወራጁ ቆመ። ወጪው ቆመ።
ዳቦ የያዘው ዳቦውን አቅፎ፣
ጋዝ የተሸከመው ሲሊንደሩን ግድግዳ አስደግፎ።
ማንም “ፍጠኑ” አላለም፤
ማንም አላጨበጨበም፣ እግዜር ይስጣቸው።
እኔ እጄን የማኖርበት አጥቼ
አንዴ ኪሴ ከትቼ፣ አንዴ አውጥቼ...

አምሳ ዘጠኝ ላይ አለቀላት። አለቀሰችም፣
ጀግና ናት ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ንፍጧ አፏ ገባ።
ከዚያ ከቦርሳዋ ጠመኔ አስወጣችኝ፣
ነጭ መስመር አሰመረች፣ ጠማማ፣ “ነገ ከዚህ ነው” አለችኝ።

ቤት ስንገባ ሱሪዋ ተቦጭቋል፣ ቆዳዋ ቀልቷል።
“አይሰማትም እኮ! እያየህ?” አለች ሩፊና፤
ሦስት ቀን አላናገረችኝም።
በአራተኛው ሌሊት ውሃ ልጠጣ ብነሳ
የብስክሌት ጎማ ቆርጣ፣ ብርድ ልብስ ደርባ፣
ከሱሪው ጋር ስትሰፋ አገኘኋት፣
መርፌው የጣቷን ጫፍ ወግቷት።
“ምን ታያለህ?” አለች፣ “መብራቱን አቅርብልኝ።”

ዝናቡ ጠመኔውን አጥቦታል።
“አምሳ ዘጠኝ ነበር” አለች አማንካይ፣ ዝናብ ምን ያውቃል።
እስከዚያ አዘልኳት። ከዚያ አወረድኳት።
ዛሬ ድመቷ ጋ ደርሳለች።

እኔ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ እከተላለሁ፤
የባሕሩ ነፋስ በላብ የራሰ ሸሚዜ ውስጥ ይገባል፣
ጀርባዬን ይበርደዋል።
እንግዳ ነገር ነው፤
ሃያ ኪሎ ወርዶልኝ እንኳ
ጎብጬ ነው የምሄደው።