ሦስት በአራት

ሦስት ሜትር በአራት፣ ከጠባሴ በስተጀርባ፣
ቁልፉ ወደ ግራ ዞሮ፣ ሰው በትከሻው የሚገባ።
በሩ ሲከፈት አልጋ፣ አልጋው ሲያልቅ ግድግዳ፣
ከግድግዳው ሥር ደግሞ ያክስቴ ቁምሳጥን፣ ዕዳ።

የዝግባ ናት። ከመሐል ሜዳ ስትመጣ በአይሱዙ፣
አራት ጎረምሳ አወረዳት፤ ሁለቱ ወገብ ያዙ።
"ትዳር ስትይዢ ይሆንሻል" አለችኝ አክስቴ አሰገደች፤
እኔ ትዳሩን ሳልይዝ፣ ቁምሳጥኗ ቤቴን ያዘች።

ውስጧ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጋቢ፤ የቀረው ቦታ የነፋስ፤
ነፋስ እግሩን ይዘረጋል፣ የኔ ጉልበት አገጬን ሲዳስስ።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣
ማዕዘኗ ጉልበቴን ይስማል፣ እስኪጠቁር ድረስ።
"ሽጫት" ትላለች ጎረቤቴ፤ አፏ እንዴት ቀሎላት!
ሳንቃ መሸጥ ይቻላል፤ አክስቴን በስንት ልሽጣት?

በጥር አከራይ ጨመረ። ሌላ ቤት ፍለጋ ወጣሁ፤
ሌላው ሦስት በሦስት ነበር። ለክቼ ለክቼ ተመለስሁ።

ያኔ ነው ስለ ሸዋንግዛው የሰማሁት።

ሱቅ የለውም፤ ቆርቆሮ ጥግ፣ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ፣
መላጊያው ሲሄድ ሲመለስ ፍቅፋቂው እንደ በረዶ።
የፋብሪካ ሣጥን ስባሪ፣ ማሽን ታሽጎ የመጣበት፣
የባሕር ዛፍ ትራፊ፣ ሌላው ማገዶ ሲያይ እሱ ወንበር ያየበት።
"ዕቃ እንግዳ ነው" ይላል፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
"ሲፈለግ ይቀመጥ፤ ሲበቃ ይቁም ግድግዳ ተጠግቶ።"

አንዲት በርጩማ አነሣ፣ ከቀርከሃ፣ በጠፍር የታሰረች፤
በሁለት ጣት ይዞ አሳየኝ፣ እንደ ጫጩት ተንጠለጠለች።
"ትሸከመኛለች?" አልኩት። ሣቀና ራሱ ወጣባት፤
ኩንታል የሚያህል ሰው ነው። አጥንቷ ቋ አላለባት።
"ክብደትና ጥንካሬ" አለኝ "ባልና ሚስት አይደሉም፤
አብረው ይታያሉ እንጂ ቃል ኪዳን አልገቡም።"

ቤቴን በሲባጎ ለካ፤ በሜትር አያምንም ሰውዬው፤
"ሲባጎ ነው" ይላል "የክርን ማረፊያ የሚያየው።"
ከዚያ ቁምሳጥኗን ዞራት፣ አንኳኳት እንደ ሐኪም ደረት፤
"አንድ ዕቃ አይደለችም" አለኝ፤ "አምስት ናቸው የታሰሩባት።"

ሦስት ቀን አልተኛሁም። በአራተኛው "ፍታት" አልኩት።

ምስማሯ ሲነቀል ጮኸች፤ እኔም ወደ ውጭ ወጣሁ፤
ዝግባ ሲፈታ የሚሸተውን፣ በአጥር ላይ ሆኜ አወቅሁ።

ጀርባዋ መደርደሪያ ሆነ፣ ከአልጋው በላይ የተሰቀለ፤
መሳቢያዋ ከአልጋው ሥር ገባ፣ ጎማ አውጥቶ የተንከባለለ።
የቀኙ በሯ ከላይ ተቆርጦ፣ ተልጎ ተልጎ ሳሳ፤
ሲወርድ ጠረጴዛ ነው፣ ግድግዳ ነው ሲነሣ።
ቀለም አልቀባም፤ ሰምና የኑግ ዘይት አሸው በጨርቅ፤
መከዳውን የመንዝ በግ ጠጉር ሞላው፣ ውርጩን ከወገቤ እንዲያርቅ።

አሁን ወለል አለኝ። ወለል! አራት እርምጃ ሙሉ፤
ብቻዬን ተመላለስኩበት፣ ሲተኛ ጎረቤት ሁሉ።

በሚያዝያ አክስቴ መጣች። ሳትነግረኝ፣ ባውቶቡስ፣ ማለዳ፤
ከደጃፉ ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ባዶ የመሰላትን ግድግዳ።
"ተዘረፍሽ?"
          "አልተዘረፍኩም።"
"ሸጥሻት?"
          "አልሸጥኳትም።"
ዝም አለች። ዝምታዋም ከቁምሳጥኗ አይቀልም።

በርጩማዋን ሰጠኋት። "ይሄ ለዶሮ ነው?" አለች፤
በኋላ ጉልበቷ ሲዝል፣ በግማሽ ታፋ ተቀመጠች።
ማጠፊያውን ፈታሁ፤ ሳንቃው ወረደ ጉልበቷ ላይ፤
ሻይ ቀድቼ ሳልጨርስ፣ ጣቷ ከሥሩ ሲዳብስ ሳይ፦

ሸዋንግዛው አይቶ፣ ሆን ብሎ ያልላገው ቦታ፤
በቢላ የተጫሩ መስመሮች፣ የቆሙ በተርታ።
የስድስት ዓመቴ፣ የሰባት፣ የዘጠኝ፤ ስምንቱ የለም።
"ያን ዓመት ታመሽ ነበር" አለች፤ "ልለካሽ አልደፈርኩም።"

ተነሣች። ሳንቃውን አነሣች፤ ብርጭቆዎቹን እኔ ያዝኩ።
"ነይ ቁሚ።" ሁለት ሻይ በእጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።
መዳፏ ከግንባሬ ተነሥቶ አናቴ ላይ አረፈ፤
የስድስት ዓመቷ ልጅ መስመር፣ እኔን በስንዝር አለፈ።

"አጥረሻል" አለችኝ።
ሣቅን። ጠረጴዛውን አወረድነው፤
ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደዚያው ጠጣነው።