ከመንገዱ ማዶ

በፍሪስያ ጠረፍ፣ ባሕር በሚልሰው፣
ጭቃ ቆልሎ ነው ቤት የሚሠራው ሰው።
ማዕበል ሲመጣ፣ በግ ከነግልገሉ፣
ሕግም ከነዳኛው ጉብታው ላይ ዋሉ።

ሕጉ ብራና የለው፤ በአንድ ሰው አፍ አድሯል፤
ሕግ ነጋሪውንም «አሴጋ» ይሉታል።
ያ ሰው ይቆምና ገላን ይቆጥራል፣
ከጥፍር እስከ ፀጉር ዋጋ ይጠራል፦
አውራ ጣት በስምንት፣ ትንሿ በአራት፣
እኛ ሌባ ያልናት፣ እሷም ዋጋ አላት።
የፊት ጥርስ ከኋላው በዋጋ ይበልጣል፤
ሳቅ ያበላሸ ሰው እጥፍ ይከፍላል።
የሞተ ሰው ዋጋ፣ እኛ ጉማ ያልነው፣
«ዬልድ» ነው በአፋቸው፣ በብር የሚመዘነው።
ሰላም ስትቆስልም ካሳ አላት እሷም፤
«ፍሬቶ» ይሉታል፣ የሚበላው ግን ሹም።
በወጉ የወጋ፣ በወጉ ዋጋውን
ቆጥሮ ይሰጥና ያቀናል አንገቱን።

የራስ ቅል ግን ሌላ፦ አጥንት ከተነሣ፣
በድምፁ ይለካል የባለቁስል ካሳ።
ከናስ ሳሕን ይጣል፤ ዳኛ ይሻገርና
ከመንገዱ ማዶ ያድምጥ በጥሞና፤
ካቃጨለ ሙሉ፣ ዝም ካለ ግማሽ፤
አጥንት ነው ጠበቃ፣ አጥንት ነው ከሳሽ።

ዎቤ በመቅዘፊያ ኤልኬን መታው አሉ፣
ስለ አንድ ክምር ጨው፣ ያውም በበዓሉ።
ኤልኬ አልሞተም። ግን ስሙን ሲጠሩት
ፈገግ ይላል እንጂ አይልም «አቤት»።
እናቱ ሪክስት ከደሙ መካከል
አንዲት አጥንት ለቅማ፣ ባቄላ ክክ የምታህል፣
በሱፍ ጠቅልላ ያዘች፣ ከክረምት እስከ በልግ፣
እስኪደርቅ መንገዱ፣ እስኪቀመጥ ሕግ።

ቀኑ ደረሰ። ነፋስ ነበር።
ሳሕኑ ከሣሩ ላይ ተቀመጠ፣
ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ፤
ሽማግሌው አሴጋ፣ ፖፕታ፣
በከዘራው ጭቃውን እየፈተነ ተሻገረ።

አጥንቷ ወደቀች።

የዎቤ ወገኖች «ነፋስ ነው» አሉ፤
የኤልኬ ወገኖች «ደወል ነው» አሉ፤
የአሴጋው ሚስት ባውክ ግን አንገቷን ደፋች።
ሦስት ክረምት ጓዳዋ የሸሸገችውን እሷ ታውቃለች፦
ፖፕታ ጆሮው ጠፍቷል።
ሰማይ ሲያጓራ እንኳ
«ዛሬስ ጸጥ ብሏል» የሚል ሰው ነው።

ፖፕታ ሳሕኑን አላየም።
ያየው ሪክስትን ነው፦
አጥንቷ ናሱን ስትነካ
ሽፋሽፍቷ ሲመታ፣
የአንገቷ ሥር ሲዘል፣
ከመንገዱ ማዶ አየ።
እጁን አነሣና
«ሰማሁ» አለ።

ዎቤ ላም ነዳ፣ ብሩን መዘነ፤
«ተቀጣ» ተባለ፣ ሰው ተበተነ።

እኔ ግን ቃሉን ይዤ እዚያው ቀረሁ።
ቅጣት ማለት ምንድን ነው?
ቅጥ ላጣ ነገር ቅጥ ማበጀት ነው?
ወይስ ሌላ ቅጥ ማጣት፣ በዳኛ ፊት ሲሆን?
ክስ፣ ካሳ፣ መክሳት፣ ባንድ ፊደል ያድራሉ፤
የተካሱ እናቶች ሲከሱ ይውላሉ።

የወጋ ይረሳል ይላል ያገሬ ሰው።
ዎቤን ግን ሌሊቱን ማን በጠየቀው!
ሚስቱ ድስት ስታኖር፣ ቁልፍ ከእጇ ሲያመልጥ፣
ይባንን ጀመረ፣ ላብ እስኪያሰምጥ።

በጸደይ መግቢያ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከሪክስት ደጃፍ ቆመ።
«ዋጋውን ከፍያለሁ» አላት።
«አዎን፣ ከፍለሃል።»
«እንግዲህ አጥንቷ የእኔ ናት፤ ስጪኝ።
ባሕር ልጣላት።»

ሪክስት ወደ ኋላዋ ዞረች።
ኤልኬ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ
ለማንም ሳይሆን ፈገግ ብሏል።

«ትሰማታለህ?» አለችው።

«አዎን» አለ ዎቤ። «ሌሊት ሌሊት።»

«እንግዲያማ አንተው ዘንድ ናት።»

አለችና ገባች።
በሩን ግን አልዘጋችውም።