ሦስት ክንድ ቀረ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ማርቆስ ገበያው ሲያጓራ፣
ሜትር በኪሴ፣ በእጄ ቀይ ቀለም፣ ወጣሁ ለሥራ።
«ልኬቱን አምጣ» ብለውኛል፣ «ወርዱንና ቁመቱን፣
ስንት በር፣ ስንት መስኮት፣ የግንቡን ውፍረቱን፤
የማይረባ ከሆነ ምልክት አድርግ በቀይ፤
መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ አትዘግይ።»

ዓረብ ቤት ነው የሚባል። የሳልሕን ስም ግን
ከድሮ ሰው በቀር የሚያነሣ የለም አሁን።
ከታች ጥቁር ድንጋይ፣ ኖራው የፈራረሰ፣
ከላይ የዋንዛ ሰገነት፣ ምስጥ የቀመሰ፣
ጆሮው እንደ ደከመ ሽማግሌ
ወደ መንገዱ ያጎነበሰ።

አንድ የነበረው ሱቅ ዛሬ አምስት ሆኗል፤
አንዱ ስልክ ይጠግናል፣ አንዱ ጫማ ይሸጣል፣
አንዱ ፎቶ ኮፒ፣ አንዱ ቬሎ ያከራያል፣
አንዱ ዝግ ነው፤ ቁልፉ ፍርድ ቤት ነው ይባላል።

ስልክ ጠጋኙ አንማው፣ ዓይኑን ከማጉያው ሳያነሣ፣
«ግባ፣ ለካ» አለኝ፤ «መደርደሪያዬን ብቻ እንዳትነሣ፤
ግንቡ እሱን፣ እሱ ግንቡን
ተደጋግፈው ነው የከረሙ።»

ለካሁ። ዐሥራ አንድ ከአርባ፣ በስምንት ከሩብ።
ውፍረቱ ሰባ ሳንቲም፤ ማን ይሠራል ዛሬ እንዲህ ያለ ግንብ?
ጻፍኩ። ጣሪያውን ላይ ብዬ ወደ ኋላ ስል ደግሞ
እጄ ባንኮኒው ላይ አረፈ፣ ከአሮጌው ጣውላ ከርሞ

ከማይጠፋ ጭረት ላይ። ሁለት ጭረት፣ በቢላ የጠለቀ፣
መካከሉ በአቡጀዲ ታሽቶ የለሰለሰ፣ ያብለቀለቀ።

«ይኼ ምንድን ነው?»
«ክንድ ነው» አለ አንማው። «እናቴ ናት የነገረችኝ።
ገበሬው በጨርቁ አልነበረም ጠቡ፤
በማን ክንድ ይለካ ነበር ሐሳቡ።
የነጋዴ ክንድ መቼም አጭር ነው፤
ገዢም ረጅም ሰው ይዞ ይመጣል፣ "ዘመዴ ነው" ብሎ የሚያመጣው።
አንድ የአነደድ ሰው ነበረ አሉ፣ የሁሉ ዘመድ የሆነ፣
በጠላ ክንዱን የሚያከራይ፣ ገበያውን ያሳመነ።
ሳልሕ መረረው። ቢላ አወጣና ጣውላውን ጫረ፤
"ከዛሬ ወዲያ ክንድ ይኼ ነው!" ብሎ ነገሩን አሳጠረ።»

ዝም አልኩ። እኔም የአነደድ ልጅ ነኝ።
አያቴ ሲቆም እጁ ጉልበቱን ይነካ ነበር
ሲባል ነው ያደግሁት።

አንማው ተነሣ፤ በሩን ዘግቶ ጀርባውን አሳየኝ።
ፊደሉ ወልጋዳ፣ በከሰል የተጻፈ፣
ከድቁና ተማሪ የተለመደ፣ ከአቧራ የተረፈ፦

ገረመው፣ ላምባ አንድ ጠርሙስ። ሰጠ።
ትብለጥ፣ ጨው፣ በማር። ሰጠች።
የደጀን ሰው፣ ስሙ ጠፋኝ፣ ክብሪት። ሰጠ።
ፈንቴ ይስማው፣ አቡጀዲ ሦስት ክንድ። ቀረ።

ቀረ።
ዕዳው ነው የቀረ ወይስ ሰውየው?
ሳልሕ ሒሳብ ነው የጻፈ
ወይስ መንገድ መንገድ ሲያይ ነው የዋለው?

ሦስት ክንድ ምን ይሆናል? ለመግነዝ ያንሳል፣
ለቀሚስ አይበቃም፤
ሕፃን ግን ይጠቀልላል።
አባቴ ወንድሞቹን ሲያበሽቅ፣
«እናንተን በአሮጌ ነጠላ፤ እኔን በአዲስ አቡጀዲ ነው
የተቀበሉኝ» ይል ነበር።
ባለዕዳ መሆኑን ሳያውቅ።

ክንዴን ጭረቱ ላይ ዘረጋሁ።
ሁለት ጣት አነሰ።

«ልክፈል» አልኩ። አንማው ሳቀ፤ «ለማን?
ሳልሕን በቴሌብር ልታገኘው ነው?»
ከዚያ ሳቁን ተወና ማጉያውን አወለቀ፤
«ዘመድህ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ቅጹ ላይ «አስተያየት» የሚል አንድ መስመር አለ፤
ሰው ሁሉ ሰረዝ አድርጎበት ነው የሚያልፈው።
ጻፍሁ፦ ከዚህ ቤት ሦስት ክንድ አለብን።
ፈረምሁ። ቀለሙን ሳልከፍት ወጣሁ።

ሰኞ ሌላ ሰው ይልካሉ፣ አውቃለሁ፤
ከኔ ረዘም ያለ ክንድ ያለው።