ዘጠነኛው ጥያቄ

ዝናቡ አልቆመም ከትናንት ጀምሮ፤
በማለዳ ወጣን ከወደቡ ከካስትሮ።
የበረዶው ሣጥን በጉልበቶቼ መሃል፣
ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ይበላሻል፤
እንደ አራስ ልጅ አቅፌ፣ ደጋግሜ አያለሁ፣
ማዕበል ሲመጣ በክንዴ እከልላለሁ።
አርቴሚዮ ይስቃል፣ ሲጋራውን ጥሎ፦
«ሽንኩርት ይዘን ብንሄድ ይወዱን ነበር» ብሎ።

ቼሊን ስንደርስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤
ጭቃ ነው፣ እርጥብ ሱፍ ይሸታል።
አንዱ ልጅ ሲያለቅስ ሌላው ይከተላል፤
ልቅሶም እንደ ኩፍኝ በትንፋሽ ይጋባል።

ኔልዳ ዘግይታ ገባች፣ ሕፃኗን አቅፋ፤
ካርዱ ቤት ቀርቷል፤ ጃንጥላዋም ጠፋ።
ከኋላዋ ሊሳንድሮ። ስምንት ዓመት ሞላው።
እንዝርት ነው ልጁ፤ ማን እንዳሾረው እንጃ፣ ግን ማንም አላቆመው።
ወንበር ዘለለ፤ መስኮት ነካ፤ የሚዛኑን መርፌ አስጨነቀ፤
የጥጡን ጥቅል ፈታ፤ «ይሄስ ምንድነው?» ሲል ጠየቀ፤
መልሱ ሳይመጣ በሌላ ጥያቄ ራቀ።

መምህሩ ከጥግ፦ «ቅጣት ያነሰው ነው።»
አያቱ ከወንበር፦ «አባቱን ነው የመሰለው።»
ጎረቤት በጆሮዬ፦ «ስኳር ያበዙለታል።»
አንዷ ደግሞ፦ «መርፌሽ ነው፤ ከተወጋ ወዲህ መቀመጥ ረስቷል።»

«ክትባት ይህን አያመጣም» አልኳት፤ «እናቱን ጠይቂያት፣
በሆዷ ሳለም እሱ ነው እንቅልፍ ያሳጣት።»
ሳቀች። ጥርጣሬዋን ግን አልጣለችም፤ አጥፋ ኪሷ ከተተች።
ይሁን። ልጇን ይዛ ሰልፉ ላይ ቆየች።

የሕፃናት ሐኪሟ የላከችውን ወረቀት ለኔልዳ ሰጠኋት፤
«በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ፤ አንዱን ብቻ ክበቢ» አልኳት።
የጀመረውን ሳይጨርስ ይተዋል? ሁልጊዜ።
ሲያናግሩት የማይሰማ ይመስላል? ሁልጊዜ።
ዕቃ ይጠፋበታል? «ቦታው አይበቃኝም» አለች፤ «አንድ እግር ጫማ፣ ሁለት ቀበቶ፣
ባለፈው ወር ደግሞ የአጎቱ ጀልባ፤ ገመዱን ሳያስር ትቶ።»

ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።
ከንፈሯ ጥያቄውን አነበበ፣ ደገመ።
«ሲስተር ኤርሲልያ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ይህ ወረቀት ስለ ማን ነው የሚያወጋ?»

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከሦስት ሥራ የተባረረች፣
በዚሁ አዳራሽ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ሳንቃ የቆጠረች፣
«ሰነፍ» በሚል ስም፣ እንደ ክርስትና ስሟ፣ ስትጠራ የኖረች።

ለዚህ ብልቃጥ የለኝም። ላለፈ ልጅነት
የሚሆን ክትባት አላሸጉልኝም ከመድኃኒት ቤት።
ሌላ ወረቀት መዘዝኩ፤ «የራስሽን ስም ጻፊበት።
ለአዋቂም ሐኪም አለ ካስትሮ፤ ማክሰኞ ቦታ እይዛለሁ ለሁለት።»

ለመምህሩም በቁራጭ ወረቀት፦ ከመስኮት አርቀው፤
ሦስት ነገር በአንዴ አትዘዘው፤
ሰሌዳ ማጥፋት፣ ማገዶ ማምጣት የእሱ ሥራ ይሁን፤
እግሩ ሥራ ሲያገኝ ይከፍታል ጆሮውን።
አነበበው። «ሃያ ስድስት ልጅ አለኝ፣ ሲስተር» አለ።
እውነቱን ነው። ግን ወረቀቱን አልጣለ።

ተራው የሕፃኗ ሆነ። አራት ወሯ ነው።
ኔልዳ እንባዋን ስትጠርግ፣ ሊሳንድሮ መጣ፤ ማንም አልጠራው።
የእህቱን እግር በሁለት እጁ ያዘ፤
«እስከ አሥር እቆጥራለሁ» ብሎ አዘዘ።
አንድ። ሁለት። መርፌው ገባ። ሦስት። አራት። አልተንቀሳቀሰም፤
እንዲያ ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ በዚያ ቀን አላየሁም።
አምስት። ስድስት።
ሰባት ላይ አንድ የባሕር ወፍ በመስኮቱ አለፈ፤
ልጁም ከወፉ ጋር ከነፈ።

በሩ ይወዛወዛል። ዝናቡ ይገባል። ፕላስተሩን ለጠፍኩላት፤
ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፦
የቀረውን እኔ ቆጠርኩለት።