ልክ

በሰማራንግ ወደብ፣ በጃቫ ዳርቻ፣
ውሃው ውስጥ የቆመ አለ አንድ ዘንግ ብቻ፤
ቀይና ነጭ ቁጥር ጎኑ ላይ የያዘ፣
እግሩ በዛጎልና በጨው የደነዘዘ።
ሱቲክኖ ሲነጋ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣
ቁጥሩን ያነበዋል በጀልባ ተጠግቶ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ሳይቀር
ይጽፋል በደብተር፦
«ዛሬም እንደ ትናንት፣ የጎላ ለውጥ የለም።»
እንዲህ እየተባለ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም፣
ደብተሩ ሲሞላ ደረጃው ሰመጠ፣
የዘበኛው ጎጆ እስከ ወገብ ተዋጠ፤
ድሮ መርከብ ሁሉ የታሰረበት ብረት
ዛሬ ዓሣ ነው የሚፈተልክበት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
እዚህ ግን ምድሩም አብሮት ይሄዳል፦
ከተማው ከእግሩ ስር በጉድጓድ ጠጥቶ
እየሰመጠ ነው፣ ከላይ ፎቅ ሠርቶ፤
ባሕሩ ይወጣል፣ መሬቱ ይወርዳል፣
ሱቲክኖ መሐል ሁለቱን ይደምራል።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ የሰማሁትን እጽፋለሁ፤
ሰርዝ ያሉኝን ደግሞ እሰርዛለሁ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስብሰባው ተጀመረ፤
ከአየር ማቀዝቀዣው ጠብ ጠብ የሚል ነበረ፣
ከሊቀ መንበሩ ቀድሞ የተናገረ።
ኢንዳርቲ መሐንዲሷ ካርታ እየገለጠች
«የመድረኩ ከፍታ ልኩ ስንት ይሁን?» ስትል ጠየቀች።
የባንኩ ተወካይ፦ «ስልሳ ሴንቲ በቂ ነው፣
ሃያ ዓመት ነው የብድሩ ዕድሜው።»
የመርከብ ወኪሉ፦ «ክሬኖቹ ከቆሙ
ደንበኛ ይሸሻል፤ ሥራ አታስቁሙ።»
የሜትሮሎጂው ልጅ ጉሮሮውን ጠርጎ
ሦስት መስመር አሳየን ከግድግዳው አድርጎ፦
አንደኛው የተስፋ፣ አንደኛው የስጋት፤
ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሻይ መጣ፤ አቋረጡት።

ሱቲክኖን ጠሩት። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ
በሩ ላይ ቆመ፣ «ጫማዬ ጭቃ ነው» ብሎ።
«ፓክ ሱቲክኖ፣ ይንገሩን፤ ልኩ ስንት ይመስልዎታል?»

«ልክማ ለሰው ነው፤ ባሕር ልኩን መች ያውቃል?
ልኩንስ ቢያውቅ ኖሮ እኔን ማን ይቀጥራል?
የቤቴን ወለል ሦስቴ ነው ያነሣሁ፣
አፈር በካሚዮን፣ በዕዳ አስመጣሁ፤
ጣራው ግን የጥንቱ ነው፣ ለእሱ አልተረፈኝም፤
ወለሉ ሲቀርበው ፈቀቅ አላለልኝም።
መስኮቱ ጉልበቴ ጋ፣ በሩ ደረቴ ጋ፤
በገዛ ቤቴ ውስጥ ጎንበስ እንዳልኩ ነጋ።
ልጄን የዳርኩ ዕለት ሙሽራው ሲገባ
ግንባሩን መታው፤ እኛ ሳቅን፣ እሱ ግን አነባ።
ወለል ስታነሡ ጣራውን አትርሱ፤
ደግሞም ውሃ ስትገፉ፣ ማን ላይ ነው መድረሱ?»

ማንም አልመለሰ። ጠብ አለ። ጠብ አለ።

ኢንዳርቲ በእርሳስ ግድቡን ሳበችው፣
ለፓምፑ፣ ለብረት በሩ ቦታ ሰጠችው፤
መስመሩ በምሥራቅ የሚያልቅበት ቦታ
ሰፈር አለ ትንሽ፣ ስም የለሽ በካርታ፤
ከወደቡ ውሃ ሲባረር፣ ተገፍቶ
የሚያድረው እዚያ ነው፣ ሳያንኳኳ ገብቶ።
የሱቲክኖ ሰፈር።

እርሳሷ ቆመ። ቆይታ አስረዘመችው፤
ሰፈሩን በሙሉ ከውስጥ አስገባችው።
«ይኼማ ከወደቡ ክልል ውጭ ነው» ተባለች፤
«ክልሉን ለውሃው አስረዱልኝ» አለች።

ውሳኔ፦ ልኩ በቀጣይ ስብሰባ ይታያል።
ስለ ጣራ የተነገረው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ፤ ሰረዝኩት፤
በስስ መስመር ነው ግን፤ ከስሩ ይነበባል።

ስንወጣ የማታው ሙላት ሰዓቱን አክብሮ
የመኪና ማቆሚያውን ሞልቶት ነበር ዞሮ።
የባንኩ ተወካይ ጫማውን አውልቆ፣
ሱሪውን ሰብስቦ፣ በጣም ተጨንቆ፣
የሽማግሌውን ትከሻ ተደገፈና
«ስንት ደርሶ ይሆን?» አለው ቀስ አለና።
ሱቲክኖ ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን እንደ ዘንግ አየው በጥሞና፤
«ስልሳ አልሞላም ገና።»