ያቺ አንዷ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ንብ ሲነድፈኝ ኖሯል፣
ጆሮዬን፣ ቅንድቤን፣ ክንዴን ለይቶታል።
ቆጥሬ አላውቅም። እሾኩን ስጥለው
«ለቁርጥማት» እላለሁ፣ «መድኃኒት እኮ ነው»።
ማር የሚያስቆርጥ ሁሉ፣ ከአርማንያ ወዲያ፣
እኔን ነበር የሚጠራ፤ ጓንት የለኝ፣ መከለያ።

ያን ዕለት በጥቅምት፣ እሑድ ከሰዓት፣
ቀፎ አልከፈትኩም፣ ጭስ አልነፋሁባት፤
እጄን ልታጠብ ስል አንዲት ንብ ከጣሳው
ውሃ ላይ ወድቃለች፣ ክንፏ ተጣብቆ ነው።
አዘንኩላትና ጣቴን ዘረጋሁላት።
ወጣች። ጥቂት ሄደች፣ ፀሐይ እስኪነካት፣
ክንፏን አራገፈች፣
ከዚያ ነደፈችኝ።
ከዚያ እሷ ሞተች።

ይኸው ነው ነገሩ። ሳቅሁ። እሾኩን ነቀልኩ።
መዳፌን በላኝ፤ በሱሪዬ ፈተግኩ።
ከንፈሬ አበጠ፣ ጀርባዬ ሽፍ አለ፣
ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ ጨርቅ ተጠቀለለ።
«ዘርፌ» ብዬ ልጣራ
«ዘር» ላይ ቀረሁ።

ከዚያ ደረቴ መጣ። የወፍጮ መጅ ያህል
አንድ ነገር ወጥቶ ተቀመጠብኝ መሃል፤
ግራ ክንዴ ዛለ።
«ዓይን ነው» አለ አንዱ፣ «ሎሚ ስጡት» ሌላው፤
ዘርፌ ነጠላዋን ከወደቀበት ሳታነሳው
አስፋልቱ ላይ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች፣
«ደብረ ሲና!» አለች፤ ዋጋ አልጠየቀች።

ነርሷ አመለወርቅ ሱሪዬን ቀድዳ
ጭኔ ላይ ወጋችኝ፤ የማይከፈል ዕዳ።
ትንፋሼ ተመለሰ፣ እብጠቱ ጎደለ፤
ያ ደረቴ ላይ ያለው ግን «አልሄድም» አለ።

አምቡላንሱ ወጣ በጣርማበር ዳገት፤
ጉሙ መንገድ በልቶ፣ ሲራክ በትዕግሥት
በጡሩምባ እየዳበሰ ነዳ።
ዋሻው ውስጥ ስንገባ «ጠበበ» አልኩ።
«ምኑ?» አለች ዘርፌ።
አላወቅሁም ምኑ እንደሆነ።

ደብረ ብርሃን ሌሊት፣ ብርዱ አጥንት ይበላል።
ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈውበታል፣
ማሽኑ የልቤን ዳገትና ቁልቁለት
ይስላል፣ ይስላል፣ በቀጭን ወረቀት።
ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የመጨረሻ ልጄን ታህላለች፣
አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለች፦
«ጋሼ፣ ልብዎን የመታው የንቧ ጉልበት አይደለም።
ደምዎ ውስጥ ዘበኛ አለ፣ ከቶ የማይተኛ፤
አንዲት አይጥ አየና 'ጠላት ገባብኛ!' አለ፤
ሌባ ሊያባርር ብሎ ቤቱን አቃጠለ።
የልብዎ ቧንቧ በእሱ ድንጋጤ ተኮማትሮ
ጠቦ ነበር።»

ዋሻውን አስታወስኩ።

«ታዲያ ይኼ ዘበኛ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
የት ነበር?» አልኳት።
«ይቆጥር ነበር» አለች።

ቀፎዎቹን ለዘርፌ ወንድም ሰጠሁት።
አሁን ኪሴ ውስጥ አንድ ብልቃጥ፣ አንድ መርፌ አለ፤
ዘርፌ መውጋት የለመደችው በብርቱካን ነው፣
አንድ ሳምንት ሙሉ የተበሳ ብርቱካን በላን።
ሌሊት ጆሮዋን ደረቴ ላይ ታኖራለች፤
የምትሰማውን አትነግረኝም።

ዛሬም ጣሳው ላይ ንብ ወድቃ አገኘሁ።
ጣቴን አልዘረጋሁም።
ጭራሮ አጋደምኩላት፣ አምስት እርምጃ ሸሸሁ፣
ወጥታ ክንፏን እስክታራግፍ ድረስ
ቆሜ
ቆጠርኩ።